የገደልኳት አዝማሪና የከፈትኩት በር

ሰሞኑን ክፉ ሰው ሆኜ ነው የከረምኩት። ጌም ላይ ነው፣ አትደንግጡ። ባልዱርስ ጌት 3ን ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ካላችሁ ግን ይሄን ፖስት እለፉት፤ ታሪኩን አበላሽባችኋለሁ።

ለማታውቁት፣ ቤልጂየም ጌንት ከተማ ያለው ላሪያን ስቱዲዮስ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጌም ነው። የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ሕግ ይከተላል፤ የምትናገረውን ትመርጣለህ፣ ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይንከባለላል፣ ታሪኩም የመረጥከውን ይዞ ይቀጥላል። መጀመሪያ ስጫወተው ደግ ነበርኩ። መንደር ሙሉ የሚመርቀው ዓይነት ደግ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ የጠፋ ልጅ ፈላጊ። ስጨርስ "እስቲ ደግሞ በተቃራኒው" አልኩና ዳርክ ኧርጅ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ መረጥኩ። ያለፈ ሕይወቱን አያስታውስም፤ ውስጡ ግን ግደል፣ ግደል ይለዋል። በኛ ልክፍት ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ልክፍተኛው እለዋለሁ።

መልኩን አሳምሬ ነው የሠራሁት። ረዥም ጸጉር፣ ሾል ያለ ጆሮ፣ የፊልም አክተር የመሰለ ኤልፍ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ፌብል የሚባል ጌም ነበር፤ እዚያ ክፋት ስታበዛ ግንባርህ ላይ ቀንድ ይበቅላል፣ ደግ ስትሆን እንደ ቅዱሳን ሥዕል ራስህ ላይ ብርሃን ይዞራል። ባልዱርስ ጌት ላይ ቀንድና ጭራ ያላቸው ቲፍሊንጎች የሚባሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ ተፈናቃዮች ናቸው። ከተማቸው ኤልቱሬል ሲኦል ወርዳ ስትመለስ፣ ቀንዳቸውን ያየ ጎረቤት ሁሉ የሰይጣን ዘር ናችሁ ብሎ አባረራቸው። አሁን ልጆቻቸውን ይዘው ጫካ ውስጥ ድሩይዶች የሚባሉ የተፈጥሮ ጠባቂዎች ዘንድ ተጠልለዋል፤ ድሩይዶቹም ውጡልን እያሏቸው ነው። ተፈናቃይ የሚለውን ቃል በየዜናው ለሰማ ሰው ይሄ እንዲሁ የጌም ታሪክ ብቻ ሆኖ አያልፍም።

እማዬ ቡና ይዛልኝ ስትገባ ስክሪኑ ላይ አንዷን ቲፍሊንግ አየችና አማተበች። "ምን ጉድ ነው ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው!" ልክፍተኛውን ሳሳያት ግን "እሱስ ደህና ልጅ ይመስላል" ብላኝ ወጣች።

ያማተበችባት አልፊራ ትባላለች። አዝማሪ ናት። ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣ ለሞተች መምህሯ ዘፈን ልትገጥም ትታገላለች፣ ቃሉ እምቢ ይላታል። ደግ በነበርኩ ጊዜ አግዣት ጨረሰችው። ታናሽ እህቴ አጠገቤ ሆና "ድገመው" እያለችኝ ያስቀመጥኩትን ሴቭ እየመለስኩ ሦስት ጊዜ ሰምተነዋል።

ልክፍተኛውን ሆነህ ስትጫወት፣ አንድ ምሽት አልፊራ ራሷ ያረፍክበት ድንኳን ድረስ ትመጣለች። አብሬያችሁ ልጓዝ ትላለች። እህቴ ስታያት "ውይ፣ ዘፋኟ!" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ የሚመጣውን አንብቤዋለሁ፤ ጭጭ አልኩ። እሺ በላት እምቢ በላት፣ ሌሊቱን እዚያው ታድራለች። ጠዋት ስነቃ ሁለት እጄ ደም ነው፤ እሷ መሬት ላይ ተዘርግታለች።

"ለምን ገደልካት?"

"እኔ አይደለሁም። ተኝቼ ነበር።"

እህቴ ተነስታ ሄደች። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ያን ምሽት አልተጫወትኩም። አንዳንድ ተጫዋቾች አልፊራን ለማዳን ቀደም ብለው በቡጢ መትተው ራሷን እንድትስት ያደርጋሉ። ያኔ ጌሙ በሷ ፈንታ ኩዊል የምትባል ሌላ አዝማሪ ይልካል፤ ያቺ ትሞታለች። ለኩዊል ያዘነ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ዘፈኗን የሰማላት የለማ።

ከግድያው በኋላ ስክሌሪታስ ፌል የሚባል ሽቁጥቁጥ አሽከር ይመጣል። እሰይ ጌታዬ፣ አበጀህ እያለ ካባ ይሸልምሃል። ካባው ጠላት በገደልክ ቁጥር ለአፍታ ከዓይን ይሰውርሃል። በጣም ይጠቅማል። አሁንም ለብሼዋለሁ።

ወደ በሩ ልምጣ። ሚንታራ የምትባል፣ ጎብሊን የሚባሉ ወራሪ ፍጡራንን የምትመራ ሴት፣ ለማጥቃት የተፈናቃዮቹን መጠለያ ትፈልጋለች። ቦታውን ነገርኳት። ከዚያ ሄጄ በሩን ከፈትኩላት። ይሄን ተኝቼ አላደረግኩትም። ላለመክፈት ሙሉ መብት ነበረኝ፤ ምርጫው እንደ ሌላው ምርጫ ሁሉ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት ስክሪኑ ላይ ተዘርዝሯል።

አላዘንኩም። ማዘን ያለብኝ እዚህ ጋ ነበር እኮ። እኔ ግን የማስበው ማን ቀድሞ ይምታ፣ ቀስቴ ስንት ቀረ፣ ደረጃዬ ስንት ደረሰ የሚለውን ነበር። ውጊያው አልቆ ሬሳ ስበረብር ከአንዱ ኪስ ጥቂት ሳንቲም፣ ከአንዷ ኪስ ፖም አገኘሁ። ዕቃዬ ስለከበደ ፖሙን መልሼ መሬት ጣልኩት። ገዳይነቴን ለመካድ ተኝቼ ነበር ያልኩት ሰውዬ፣ እዚህ የፖም ክብደት አስልቻለሁ።

የጌም ሠሪው የባዮዌር ባልደረባ የነበረው ጆን ኤቤንገር በ2020 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ማስ ኢፌክት የሚባለውን ጌማቸውን ከተጫወቱት 92 በመቶ የሚሆኑት የመረጡት ደጉን መንገድ ነው። ሳነበው ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እንጃ። ማስ ኢፌክት ላይ ክፉው መልስ ሁሌም አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ነጥቡም በቀይ ይቆጠራል፤ እንዲህ ተለጥፎበት የመጣን ክፋት ማን ይስተዋል? በሩን ስከፍት ቀይ አልነበረም። ሥራ ነበር፣ ቀጣዩ ሥራ።

ዋጋውስ? እዚህ ላይ ላሪያኖችን አደንቃቸዋለሁ። ዊልና ካርላክ፣ ጌሙ ውስጥ አብረውኝ ይጓዙ የነበሩት ሁለቱ፣ እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንጓዝም ብለው ጥለውኝ ሄዱ። በመጀመሪያው ጨዋታዬ በኋላ ላይ ያጋጠሙኝ ሰዎች፣ አንጥረኛው ዳሞን፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ከዚህ መጠለያ የወጡ ናቸው። አሁን ስደርስ የሉም። ክፋትህ ጌሙን ያሳጥርብሃል። ስቱዲዮው በ2024 እ.ኤ.አ. ለክፉዎች አዳዲስ ፍጻሜ ጨምሯል ይላሉ ጓደኞቼ፤ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረኛል፣ የማወራው ሰው ግን እያነሰ ነው።

ትናንት እህቴ መጥታ "ዘፈኑን ክፈትልኝ" አለች። የደጉን ሰው ሴቭ አወጣሁላት። አልፊራ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበረች። እህቴ ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየች።

"ይሄኛው ካባ የለውም?"

"የለውም።"

እስኪያልቅ ሰማችና ሄደች። እኔ የልክፍተኛውን ሴቭ መልሼ ከፈትኩ። ፖሙ የጣልኩት ቦታ ነበር።