ስለ አንድ ግራ እጅ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ኪት ጃሬት የሚባለውን አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ሰምታችሁት እንደሆነ አላውቅም። ባትሰሙትም ግድ የለም፤ እኔ ብዙ ሰምቼዋለሁና ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

ሰውየው በ1945 በፔንሲልቫንያ ተወለደ። ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው በ1975 በጀርመን አገር፣ በኮሎኝ ኦፔራ ቤት፣ አስቀድሞ የተጻፈ ዜማ ሳይኖረው ብቻውን የተጫወተው ነው። የዚያን ሌሊት የቀረበለት እሱ ያላዘዘው የተበላሸ ፒያኖ ነበር፤ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፣ ወፍራሙ አይሰማም፣ ፔዳሉም በደንብ አይሠራም። እሱም እንቅልፍ አጥቶ ወገቡን ያመው ነበር። ቢሆንም ከመካከለኛው ድምፅ ብዙ ሳይርቅ፣ በግራ እጁ አንዱን ነገር ደጋግሞ እየመታ ጉድለቱን ሸፈነው። ሸክላው በሚሊዮን እየተቈጠረ ተሸጠ። ኮሌጅ ሳለን እኔና የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ፣ ሲጫወት የሚያጓራውን ማጓራት እንኳ ሳይቀር እናደንቅለት ነበር።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ በጆሮ ግንዴ ላይ ሽበት አይታ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችው። እርጅና ነው ብዬ ብጽፍ እናቴ ትቈጣኛለች። ግን ዕድሜዬ መሄዱን የነገረኝ ሽበቱ ሳይሆን፣ ማታ ደብተር ሳርም የምከፍተው ሙዚቃ ነው። የኮሎኙን ትቼ በ1999 የወጣውን እሰማለሁ። ጃሬት በ1996 ብርቱ የድካም በሽታ ይዞት ከመድረክ ርቆ ነበር፤ ይህንንም በቤቱ ተቀምጦ ለሚስቱ የገና ስጦታ ቀዳው። የቆዩ ዜማዎች ናቸው፤ አንድም ጣት በከንቱ አይነሣም። ጓደኞቼ «የደከመ ሰው ጨዋታ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የወደድኩት ስለዚሁ ነው። በሃያ ዓመቴ አምስት ደቂቃ አልታገሠውም ነበር።

በ2018 ሁለት ጊዜ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ በከፊል ሽባ ሆነ። በ2020 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሲናገር፣ ግራ እጁ ቢበዛ ኩባያ ለመያዝ ይበቃ ይሆናል አለ። በኛ ቋንቋ ግራ ክብር የለውም፤ የጨነቀውን ሰው «ግራ ገባው» እንላለን። በፒያኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀኙ የሚቆምበትን መሬት የሚዘረጋው ግራ እጅ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «በተበላሸ ፒያኖ የተጫወተ በአንድ እጅም ይጫወታል» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ደካማ ማጽናኛ ነው። ለተበላሸ ፒያኖ በሌላ ከተማ ሌላ ፒያኖ ይገኛል። ጃሬት ራሱ፣ በሁለት እጅ የሚመታ ፒያኖ መስማት እንኳ እንደሚያስጨንቀው ተናግሯል።

እኔ ግን አሁን የ1999ኙን ስከፍት ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግራ እጁን ብቻ ለመከተል እሞክራለሁ። ቀላል አይደለም፤ ጆሮ ሳይታወቀው ወደ ቀኙ ይሸሻል። እስቲ እናንተም ሞክሩት፤ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጉት።