ምን ጠፍቷችሁ ነው?

ከቢሮ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ቢሮ ስትመላለሱ ሳምንቱ የሚያልቅባችሁ እኅቶቼ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ በ2012 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ ከእናቴና ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር በፍኖተ ሰላም አጠገብ በላህ ወንዝ ዳር ስላሳለፍነው አንድ ቀን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በመሥሪያ ቤታችን ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከቤተሰቧ ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደርሳ፣ በወንዙ ዳር በእግሯ ተጉዛ፣ ፏፏቴውን አይታ ተመልሳ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ስታወራልን ሰነበተች። «ልጆች እንኳ የማይደክማቸው መንገድ ነው» ትለን ነበር። እኔም በልቤ፣ ወንዝ ወንዝ ካሉ እኔ ያደግሁበትስ ምን አነሰው? አልኩ። ልጄ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበር፤ እኔም ያልተጠቀምኩበት ፈቃድ ነበረኝ። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ስንገባ ቀኑ መሽቶ ነበር።

እናቴ የመጣሁት በርበሬ ልገዛ መስሏት ኖሯል። መቼም የቡሬን በርበሬ የማታውቅ የአዲስ አበባ እመቤት ያለች አይመስለኝም። «ነገ በጠዋት ቡሬ እንሄዳለን፤ ዘንድሮ ዛላው ጥሩ ነው» አለችኝ።

«የለም እማዬ፤ ነገ ወንዝ ዳር እንሄዳለን።»

«ምን ልናደርግ? ውሃ እንደሁ ቦኖው ደጃችን ነው።»

«ዝም ብለን ልንሄድ።»

እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ «መሄድ ካማረሽማ ሰከላ እንሂድና ግሽ ዓባይ እንጠመቅ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ የሚወጣው ለጸበል፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ነው። ግሽ ዓባይ ደግሞ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጸበል ነው፤ ከዚያች ምንጭ የሚነሳው ግልገል ዓባይ እስከ ጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ምንጩን ለማየት ከጥንት ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ቄስ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ደግሞ በ1770 ደርሰውበታል። እናቴ ዘንድ ግን ሰከላ የሚኬደው ለመዳን እንጂ ለማየት አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቤት ስንወጣ፣ እናቴ ሳታስበው ቢጫውን ጀሪካን አንሥታለች። ከእጇ ተቀብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ እጆቿ የሚገቡበት አጡ፤ የነጠላዋን ጫፍ ታስራለች፣ ትፈታለች፣ እንደገና ታስራለች።

መንገዱ እንደ ፓርክ መንገድ ምልክት የለው፣ ዘበኛ የለው፣ የመግቢያ ክፍያም የለው። የከብት መንገድ ነው። በየአውድማው የጤፍ ገለባ ተከምሯል፤ በየደጁ ቀይ በርበሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ወንዙ በበጋ ቀንሶ፣ በድንጋዩ መካከል ቀስ እያለ ይወርዳል። ልጄ ጦጣ አየሁ ብሎ ከፊት ከፊታችን ይሮጣል።

ገና ጥቂት እንደሄድን ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አገኘን። እንዴት ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ ተባብለን ስናበቃ፣ አንዷ ቀና ብላ አየችንና፣ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለችን። እኔ መልስ ከማግኘቴ በፊት እናቴ ቶሎ ብላ፣ «ጥጃ፤ አንዲት ቀይ ጥጃ» አለች። ሴቶቹም አዘኑልን። ወደ ላይ ወደ ዶቅማው ሥር ከብቶች እንዳዩም ነገሩን። እናቴ በዕድሜዋ ስትዋሽ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ራቅ ካልን በኋላ፣ «ታዲያ ምን ልበላት? ዝም ብለን ነው ብዬ ልዋረድ?» አለችኝ።

በዚህ መካከል ልጄ ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረ። ጮኬ አወጣሁት። እናቴም፣ «ምነው ልጄ፣ አንቺ ያደግሽበት ውሃ አይደለም ወይ?» ብላ ተቆጣችኝ። ያደግሁበትማ ነው። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስከታተል ሆዴን እያመመኝ፣ ዓይነ ምድሬ ደም እየቀላቀለ ወር ሙሉ ተሰቃይቼ ብመረመር ቢልሃርዚያ ተገኘብኝ። እናቴ ልጅነቴን ሙሉ ወስፋት ነው እያለች ኮሶ ስታጠጣኝ ኖራለች።

ልጆቻችንን ይዘን ወደየአገራችን የምንሄድ እናቶች ስለዚህ በሽታ ልናውቅ ይገባናል። በሽታው ያለበት ሰው በወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቁላል ውሃ ይገባል። በውሃው ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ዘንድ አድጎና ተባዝቶ፣ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና በእግር ወይም በእጅ ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። ለዚህም ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው የሚወደው ቀስ ብሎ የሚሄደውን ወይም የተኛውን የወንዝ ዳር ውሃ ነው፤ ማለትም ሕፃን ልጅ የሚንቦጫረቅበትን። በሽታው በእኛም አካባቢ አለ። ደግነቱ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ያድነዋል። እኔንም ያዳነኝ እሱ ነው።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ከሁሉ የማረካት የእንዶድ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። እናቴ ወደ ኋላ ዞር ብላ በዱቄት ሳሙና የሚያጥቡትን ሴቶች አየቻቸውና፣ «እኛ'ኮ እንዶድ የተውነው ድህነት እንዳይመስልብን ብለን ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ትንሽ ዳገት አለ። ዱሮ እናቴ ውሃ የምትቀዳበት ቦታ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለዓመታት፣ እንስራ በጀርባዋ አዝላ የወጣችው ዳገት ነው። እኔም ትንሿን ቅል ይዤ ከኋላዋ ስከተል ትዝ ይለኛል። አሁን እዚያ ስንደርስ ቆመችና ቀና ብላ አንድ ትልቅ ሾላ አየች። «ይኼ ዛፍ ዱሮም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ግንዱ ለሁለት ሰው እቅፍ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ጎንበስ ብላ እግሯ የሚረግጠውን ስታይ ኖራ፣ ዛፉን አይታው አታውቅም።

ከሾላው ሥር ተቀመጥን። ዳቦውን ቆርሳ ለልጄ ሰጠችውና በእጇ ወደ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመለከተችኝ።

«እዚያች ላይ ነው የወደቅሁት።»

«መቼ?»

«አንቺ ሳትወለጂ። ዝናብ ዘንቦ አድጦኝ። እንስራው ተሰበረ፤ ውሃው ፈሰሰ። የአምስት ወር ነበር።»

የአምስት ወሩ እንስራው መስሎኝ ነበር። ሳላስተውል፣ «አዲስ ነበራ» ልል አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁትና ዝም አልኩ። ለማንም ሳትነግር፣ እንስራ ሰበርሽ ተብላ ስትወቀስ እንደከረመች ያን ዕለት ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ስለ ሴቶች ጉዳይ በየሳምንቱ እየጻፍኩ፣ የገዛ እናቴን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ልጄ ዳቦውን ጨርሶ፣ «እማማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አላት። «ጭስ ነው» አለችው። ጭስ በአካባቢው አልነበረም።

ስንመለስ እናቴ ከመንገድ ዳር ጭራሮ መልቀም ጀመረች። ተይው ብላት፣ «ባዶ እጅ ቤት አይገባም» አለችኝ። ቤት እስክንደርስ አንድ እቅፍ ሙሉ ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ልብሳቸውን ቁጥቋጦ ላይ አስጥተው ተቀምጠዋል። «ጥጃዪቱ ተገኘች?» አሉን። እናቴ ቆም ብላ፣ «አልተገኘችም» አለች።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሄድኩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በደረሰው ችግር ምክንያት እንደ ልቤ መሄድ ስላልቻልኩ፣ ስልክ በሠራ ቀን ነው የምንነጋገረው። ባለፈው ስደውልላት፣ ሰላም በሆነ ጊዜ ከጎረቤቷ ጋር እስከ ሾላው ደርሰው እንደሚመለሱ ነገረችኝ።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው ሲሏችሁ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

«አሁንማ ለምደውናል፤ አይጠይቁንም።»

«ጀሪካኑንስ?»

«ከቤት ትቼው ነው የምሄደው። ጭራሮውን ግን አልተውኩም» አለችኝ።