ስለ ደም መዞርና «ደም ብዛት» ስለሚባለው ሕመም

የጉራጌ ሰው በየትም አገር ሲነግድ ቢከርም ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ መመለሱ የታወቀ ነው። በጉብሬ አጠገብ ካለ መንደር ተወልደው በአዲስ አበባ መርካቶ ብዙ ዘመን የነገዱ አንድ ሽማግሌም እንደ ልማዳቸው ለበዓሉ ገብተው ነበር። ክትፎው ተከተፈ፤ ቆጮው ተጋገረ፤ ነገር ግን የቤቱ ደስታ ሙሉ አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው ከጥቂት ወራት በፊት ጧት ከደጃቸው ወጥተው ሲሄዱ በድንገት ወድቀው፣ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ አንደበታቸውም ተይዞ በአልጋ ላይ ነበሩ። ከጎረቤቱ እኩሌታው ምች ነው አለ፤ እኩሌታው የሰው ዐይን ነው አለ።

የሽማግሌው የልጅ ልጅ በጉብሬ ባለው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማራል። ይህ ልጅ የአያቱን ክንድ በመለኪያው ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ እየሞላ ቢለካ 178 በ104 ሆነ። አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም ብሎ በማግስቱም በሠለስቱም ለካ፤ ቍጥሩ ብዙ አልተለወጠም።

«አባባ፣ ደም ብዛት አለብዎ» ቢላቸው ሽማግሌው ሣቁ።

«ደሜ ከበዛማ ምን ቸገረኝ? ዋግምት ታግሜ አጐድለዋለሁ» አሉ።

በዚህ ነገር ሽማግሌውን መንቀፍ አይገባም፤ ጥፋቱ የስሙ ነው። በቅኔ ሰሙ ወርቁን ቢሸፍንም ለሚፈታው ሰው መንገዱን ይጠቁመዋል፤ ይህ ስም ግን ፈቺውን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። ደም ብዛት ያለበት ሰው ደሙ ከሌላው ሰው ደም የበዛ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ጐልማሳ 5 ሊትር ያህል ነው። የበዛው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ስለዚህ የዛሬ ሐኪሞች «የደም ግፊት» ማለታቸው የተሻለ ነው።

ዓለምም ይህን ነገር ቶሎ አላወቀውም። ገሌኖስ የተባለው የጽርእ ሐኪም ደም በጕበት ተሠርቶ ወደ ብልቶች ይሄዳል፤ በዚያውም ያልቃል ብሎ አስተማረ፤ ቃሉም ከ1400 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። በመካከሉ በ13ኛው ምዕት ዓመት ኢብን አል ነፊስ የተባለው ዐረብ ሐኪም ደም ከልብ ቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረው በሳንባ በኩል መሆኑን ጽፎ ነበር። ከዚያም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ በቍጥር ረታ። ልብ በግማሽ ሰዓት የምትገፋው ደም በመላው ሰውነት ካለው ደም እንደሚበልጥ አሳየ፤ ይህ ሁሉ በየጊዜው ከምግብ ይሠራል ማለት ስለማይቻል ያው ደም ዞሮ ይመለሳል አለ። ደሙ ከሚወጣበት ሥር ወደሚመለስበት ሥር በምን እንደሚሻገር ግን ሳያይ በ1657 ሞተ። ከ4 ዓመት በኋላ ኢጣልያዊው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ከጠጕር የቀጠኑትን ሥሮች በማጉያ መስተዋት ተመለከተ።

በክንድ የሚጠቀለለውን መለኪያ በ1896 ያወጣው ሪቫ ሮቺ የተባለ የቶሪኖ ሐኪም ነው። ይህ ዓመት ኢጣልያ በዐድዋ ድል የሆነችበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል፤ የዚያ አገር ሰው ሥራ ዛሬ የጉራጌን ሽማግሌ ክንድ መያዙ ይገርማል። በ1905ም ኮሮትኮቭ የተባለ የመስኮብ ሐኪም የሥሩን ድምፅ በጆሮ እየሰሙ ሁለቱን ቍጥሮች መለየትን ጨመረበት፤ የላይኛው ልብ ስትጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ግፊት ነው።

ልጁ ግን ለአያቱ ከዚህ ሁሉ አንዱን አልተናገረም፤ ወደ ደጅ ይዟቸው ወጣ። ጀፎረ ማለት በጉራጌ መንደር ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በመካከላቸው ሣር ለብሶ የሚተው ሰፊ መንገድ ነው።

«አባባ፣ ይህ ሁሉ የመስቀል እንግዳ ሳይጋፋ የሚያልፈው ጀፎረው ሰፊ ስለ ሆነ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩን ጥቂት ጥቂት ወደ መንገዱ ቢያስገባ ምን ይሆናል?»

«ሽማግሌ ይቀጣዋል።»

«የሚቀጣ ባይኖርስ?»

«ሰዉ ይጋፋላ!»

«የሰዉ ቍጥር ሳይጨምር?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቈይተውም፣ «ወንድሜን የጣለው ይኸው ነውን?» ብለው ጠየቁ።

ልጁም ነው አለ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ሲጠብቡና ሲደርቁ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱም በተራው ሥሮቹን ይጎዳል። በአንጎል ውስጥ ያለው ሥር ይደፈናል ወይም ይፈነዳል፤ የልብ ሥጋ ይወፍራል፤ ኵላሊትና ዐይን ይጎዳሉ። ይህም ሁሉ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከተለኩት ጐልማሶች ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ከሕዝቡም የሚበዛው ከዚያ በፊት ተለክቶ የማያውቅ ነበረ። በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የሚመከረው ጨውም ከ8 ግራም በላይ ይበላ ነበር።

ሽማግሌው ክኒኑን መዋጥ ጀመሩ። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን፣ ምንም ሳያመኝ ስለ ምን ጾሜን አፈርሳለሁ ብለው ተዉት። ነፍስ አባታቸው ይህን ሲሰሙ ጾም ለሕሙም እንደሚላላ አስታወሷቸው፤ የመዋጫውንም ሰዓት ሐኪሙን እንዲጠይቁ መከሯቸው። ሐኪሙም በማታ እንዲሆን ፈቀደ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበረ፤ ሳይጠይቁ የተዉት ግን ስንት ይሆኑ?

በሁለተኛው መስቀል ልጁ ሲለካ 146 በ90 ሆነ። ገና ዝቅ ይላል አለ። ሽማግሌው ያለ ጨው የቀረበላቸውን ቡና አንድ ጊዜ ፉት ብለው ሲኒውን አስቀመጡት፤ ይህ ቡና ነው ወይስ ውሃ እያሉም አጕረመረሙ። ወንድማቸው በደኅናው እጃቸው ከዘራ ይዘው በደጅ ተቀምጠው ነበርና ልጁ መለኪያውን ይዞ ወደ እሳቸው ሄደ።