መርሳ ላይ ማንጎ ልገዛ ቆሜ

ከወልድያ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ስሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ። 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሀብሩ ወረዳዋ መርሳ ፍራፍሬዋ የታወቀ ነው፤ እኔም ለቤት ማንጎ ልገዛ መንገድ ዳር ቆምኩ።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጅቷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ አቧራው ላይ በጣቷ ትጽፋለች። ጎንበስ ብዬ ባይ ቁቤ ነው። ማየቴን ስታውቅ በመዳፏ አጠፋችው።

«ጃራ ነን» አሉኝ ሽማግሌው። ጃራ እዚሁ ሀብሩ ያለ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች የተጠለሉበት ሰፈር ነው። እሳቸው ግን ለወሎ እንግዳ አይደሉም። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ለሰፈራ ወደ ወለጋ ሲያጓጉዛቸው ጎረምሳ ነበሩ። እዚያ ቡና ተከሉ፣ ልጅ ወለዱ። የልጅ ልጃቸውም እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማረችው በኦሮምኛ ነው። ከሚሴ ብትሆን ኖሮ በኦሮምኛ ትቀጥል ነበር፤ እዚህ ግን ትምህርቱ በአማርኛ ስለሆነ ከትንንሾች ጋር ተቀምጣ ከ«ሀ» ጀመረች።

«ልጆቹ የወለጋዋ ይሏታል። አባቷ ኦሮምኛውን ትርሳው ባይ ነው። እኔ ግን ወንድሜ፣ መርሳ ስለመጣች ትርሳ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። የተፈናቃይ ልጆች የልጅ ልጄ ክፍል ሲገቡ፣ «ለብቻቸው ክፍል ቢሰጣቸው» ካሉት ወላጆች አንዱ ነበርኩ። ጠልቼ አይደለም፤ ልጄ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነቱ ተይዛ ሳለች፣ ይኸው ልጅ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆኖ በሰው ወንበር ተጋፍቶ መማሩን ረስቼው!

በቦስኒያ ከጦርነቱ በኋላ የክሮአትና የቦስኒያክ ልጆች በአንድ ግቢ ለየብቻ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። «ሁለት ትምህርት ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር» ይሏቸዋል። ያይትሴ በምትባል ከተማ ግን ሊለያዩዋቸው ሲያቅዱ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰልፍ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2017 አስቀሩት። የእኛ ክፍል ቢለይ ኖሮ ልጆቹ ምን ይሉ ነበር? ማንም አልጠየቃቸውም።

ማስታወሻዬን አውጥቼ የልጅ ልጄን ስም በቁቤ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። አያቷን ቀና ብላ አየች። እሳቸው በራሳቸው እሺ ሲሏት ቀስ ብላ፣ አሳምራ ጻፈች።

ማታ ወልድያ ስገባ ለልጁ ሰጠሁት። አገላብጦ አየና፣ «አባባ፣ ይሄ እንግሊዝኛ ነው?» አለኝ።