«ያለኔ አይሆንም»

(ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የግድ አስፈላጊ ፓተንት የሚባለው፣ ስታንዳርዱን ተከትሎ ዕቃ የሚሠራ ሁሉ ሳይነካው ማለፍ የማይችለው ነው። ትርጓሜው ጥርት ያለ ነው። «የግድ ነው» ብሎ የሚመሰክረው ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። የዋይፋይን ስታንዳርድ የሚያወጣው አይ ትሪፕል ኢ ከባለፓተንቶች የሚጠይቀው «በተመጣጣኝ ዋጋ አስፈቅዳለሁ» የሚል ደብዳቤ ነው፤ የትኞቹን ፓተንቶች እንደሆነ መዘርዘር አያስገድድም። የዋይፋይ 7ን ፓተንቶች ልመርምር ብሎ የተነሳ ሰው የሚጠብቀው የቃል ኪዳን ክምር ነው።

*

ዝርዝር ያለበትም ቤት ብዙ አይሻልም። ጉድማንና ማየርስ የተባሉ አጥኚዎች በ2005 ለ3ጂ ስልክ የግድ ናቸው የተባሉ 732 የፓተንት ቤተሰቦችን (ቤተሰብ ማለት የአንድ ፈጠራ ፓተንቶች ስብስብ ነው) ፈተሹ። ያለፉት 21 በመቶ ናቸው። ቅቤውን ራሱ የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቃል። ሁሉም አጭበርባሪ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ የስታንዳርዱ ረቂቅ ሲቀያየር ትናንት የግድ የነበረው ዛሬ ከመንገድ ይወጣል፣ ደግሞም ደብቀሃል ከመባል አብዝቶ ማሳወቅ ይሻላል።

*

ምርመራው ዓይን ያፈዛል። በግራ ፓተንቱ «የእኔ ነው» የሚለው ነገር ነጥብ በነጥብ፣ በቀኝ የስታንዳርዱ አንቀጽ። የዋይፋይ ስታንዳርድ የ2020 እትም ብቻውን ከ4,000 ገጽ ያልፋል። ከአምስት ነጥብ አራቱ ተገኝተው አምስተኛው ለአምራቹ ምርጫ ከተተወ፣ አለቀ። አንዳንዴ ክርክሩ ሁሉ አንድ ግስ ላይ ይንጠለጠላል፦ «ማድረግ አለበት» ነው ወይስ «ማድረግ ይችላል»?

*

የዋይፋይ 7 ትልቁ ዝና 320 ሜጋኸርዝ የሚሰፋው መስመር ነው። አይፎን 16 ዋይፋይ 7 አለው፤ ከ160 ግን አያልፍም። በ320ው ላይ ፓተንት የያዘ ሰው ከዚህ ስልክ ምን ይጠይቃል? የባለፓተንቶች ድርሻ በፓተንት ብዛት ሲቆጠር ግን የእሱም «አንድ» ነው።

*

ሞቶሮላ ለዋይፋይ ፓተንቶቹ ከማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋጋ ላይ 2.25 በመቶ ጠየቀ። ዕቃው 200 ዶላር ቢሸጥ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሆኑ ነው። በ2013 የሲያትሉ ዳኛ ሮባርት የፈረዱት 3.471 ሳንቲም። ከነጥቡ በኋላ ያለችው ሦስተኛዋ አኃዝ ታስቀኛለች፤ የጠያቂና የፈራጅ ሒሳብ መቶ እጥፍ ተራርቆ ሳለ ከሳንቲም ሺኛዋን ማን አየ!

በዚያው ዓመት ቺካጎ፣ ኢኖቬሺዮ የተባለ ድርጅት ከሌላ ኩባንያ በገዛቸው የዋይፋይ ፓተንቶች 9.56 ሳንቲም በቺፕ ተቆረጠለት። የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ የላከው ለማን ነበር? ለሆቴሎችና ለቡና ቤቶች። ቡና የሚያፈላ ሰው ስለ ሬዲዮ ሞገድ ጠበቃ ሊያቆም ነው።

*

ጆን ኦሳሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ከሚፈነዱ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ሲፈልግ አላገኘም። የተበላሸ ምልክት የሚያጠራበት ሒሳብ ግን ኋላ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚያስተጋባውን ሞገድ ለመግራት ጠቀመ። መሥሪያ ቤቱ፣ የአገሪቱ የመንግሥት ምርምር ተቋም፣ የዚያን ፈጠራ ፓተንት ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ እስከ 2012 ከ430 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሰበሰበ። ፓተንት በመቁጠር ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው የሚወስኑ ሰዎችን ይህችን አንዲት ምን ብለው እንደሚመድቧት ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል።

*

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2023 ገለልተኛ መርማሪ «የግድ ነው» ከተባሉት ፓተንቶች ናሙና እየወሰደ ይፈትሽ የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በ2025 ረቂቁን መልሶ እንደሚስበው አስታወቀ። የዋይፋይ 7ን ቅቤ ሻጭ በሻጭ ሚዛን፣ ገዢም በገዢ ሚዛን እየመዘኑት ነው።