ቺንጋው ሲበጠስ

እውነቱን ተናግሬ ልጀምር፤ እኔ ቮልስ አልወድም። ልጅ ሆኜ አባቴ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ እሰማና ጓደኞቼ ሳያዩኝ ሮጬ እገባ ነበር። የሌሎቹ አባቶች ኮሮላ ይነዳሉ። የእኔ አባት ራዲያተር የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነች መኪና ይዞ ሰፈሩን ያንጫጫል። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ከሠላሳ በላይ ቮልሶች መሃል ተሰልፌ ስቆም፣ የማውቀው ሰው እንዳያልፍ ግራ ቀኝ ማየቴ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴን ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ እየነጠቀው ነው። ግላኮማ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው የሚያገለግለው የቀረውን ለማቆየት ነው። መሪ ከጨበጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቮልሷ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀምጣለች። እኔ በበኩሌ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የጎደለኝ ገንዘብ አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ደላላዬ አሮጌ ብረት ሁሉ ወርቅ ይመስለዋል። ገዢ አገኘልኝ፤ ለሰኞ ተቃጠርን።

ለአባቴ ስነግረው ይጣላኛል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ቆየና፣ "ሽጣት" አለኝ። "ግን መጀመሪያ ደብረ ዘይት ውሰደኝ።"

ደብረ ዘይት የሚለው ቢሾፍቱን ነው። የቮልስ ወዳጆች ማኅበር አሥረኛ ዓመቱን እዚያ ሐይቅ ዳር ሊያከብር፣ ከአዲስ አበባ ተያይዞ ሊሄድ ቀን ቆርጦ ነበር።

የቮልስ ሰዎችን የማታውቁ ካላችሁ ትንሽ ላስተዋውቃችሁ። ስለ መኪናቸው ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ይመስላሉ። አንዱ ከሃያ አንድ ሚሊዮን በላይ ቮልስ መሠራቱን፣ የመጨረሻዋም እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ መውጣቷን እንደ ውዳሴ ይደግማል። ሌላው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት የወሰዳቸው በቮልስ መሆኑን ያነሣል። ይኼ ለመኪናዋ ክብር ይሁን ነቀፋ እስካሁን አልተስማሙም። በዚያ ጠዋትም ባርኔጣ ባጠለቁ ሁለት አዛውንቶች መሃል ክርክሩ ደርቶ፣ "ተነሡ፣ እንሂድ" ሲባል ነው የተቋረጠው።

ፈጣኑን መንገድ ትተን በአሮጌው ወረድን፤ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ገላን። ቀጥ ብለን በሰልፍ እንሄዳለን። ከባድ መኪኖች ክላክስ እየነፉ ያልፉናል፤ ሕፃናት እጃቸውን ያውለበልቡልናል። እኔ ሳላስበው እጄን አውጥቼ አጸፋውን መለስኩ። አባቴ አጠገቤ ሆኖ በጆሮው ይነዳል። "ማርሽ ቀይር።" "ነዳጁን ላላ አድርገው።" "አሁን እንዲህ ስትል ደስ ብሏታል ማለት ነው።"

ዱከምን እንዳለፍን "ጧ!" የሚል ነገር ከኋላ ሰማሁ። እኔ ምን እንደሆነ ሳስብ አባቴ፣ "ቀዩ መብራት በርቷል?" አለ። አየሁ፤ በርቷል። "አቁም! ሞተሩን አጥፋው!"

ቺንጋው ተበጥሶ ነው። ለካ በቮልስ ቺንጋ ማለት ቀልድ አይደለም። ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው ላይ ያለው ፋን ደግሞ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ውኃ የላት፣ ራዲያተር የላት፤ ያለ ነፋስ ጥቂት ብትሄድ ሞተሩ ይቃጠላል። የማኅበሩ መካኒክ ከፊት አልፎ ሄዷል። ስልኬን አወጣሁ። ከኋላችን ያሉት ቮልሶች አንድ በአንድ ዳር ይዘው ቆሙ።

አባቴ ግን ወርዷል። አንድ እጁን የመኪናዋ ገላ ላይ አድርጎ እየዳበሰ ወደ ኋላ ሄደ። "ከፊት ኮፈን ሥር ቡናማ ቦርሳ አለ። ካቻቢቴና የሃያ አንድ ቁልፍ አምጣ። ቺንጋም እዚያው አለ።" ነበረ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ቺንጋ።

ሞተሩ እስኪበርድ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ካቻቢቴውን የዲናሞው ፑሌጃ እንዳይዞር አስደግፎ ብሎኑን ፈታ። ፑሌጃው ለሁለት ተከፈለ። መሃሉ ላይ ያሉትን ስስ ሮንዴላዎች በጣቱ ቆጠራቸው። ቺንጋውን አስገባ፣ ገጠመው፣ በአውራ ጣቱ ተጫነው። "ላልቷል" አለና እንደገና ፈታ። ከመሃል አንድ ሮንዴላ ቀንሶ ወደ ውጭ አወጣው። ለካ የሚጠብቀው እንዲህ ነው። በዙሪያችን የቆሙት ወጣቶች በስልካቸው ይቀርጹታል። አንዱ ዓይኑን ልብ ብሎ አይቶ፣ "አባባ፣ ይዩት እንዴ ይሆን?" ብሎ ጠየቀው።

"ዓይን ለመንገዱ ነው ልጄ። ለቺንጋ እጅ ይበቃል።"

መጨረሻ ላይ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። "አጥብቀው።" በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። አባቴ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና፣ "እየፈታኸው ነው" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ኬክ ተቆረሰ፣ ንግግር ተደረገ፤ አባቴ ግን አንዱንም አልሰማም። ሰዎቹ ተራ ይዘው መኪናቸውን እያስነሡ ሞተር ያስደምጡታል። "የአንተ ቫልቭ ላልቷል፤ ይንጫጫል።" "ያንተ ጥሩ ናት፤ ካንዴላ ብቻ ቀይርላት።" በሁለት ዓመት ውስጥ እኔ ወደ ሐኪም፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ቤት እጁን ይዤ ስመራው ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ግን ሰዎች ሊጠይቁት እንጂ ሊመሩት አልመጡም። ልዩነቱን ፊቱ ላይ አየሁት። ደግሞም አፈርኩ፤ ምክንያቱም እኔ ያሰብኩት ዓይኑ የማያያት መኪና ለእሱ ምን ታደርግለታለች ብዬ ነበር።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "ሰኞ ሰውየው ይቅር?" አልኩት።

"ቃል ሰጥተሃል፤ ይምጣ እንጂ" አለ። "ግን ቺንጋ መቀየር አስተምረው፤ መንገድ ላይ እንዳታስቀረው።"

"እኔ መች እችልና?"

"እንግዲያው ተማራ።"

እሑድ ጠዋት ሸራውን ገፈን ጀመርን። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩ። በአራተኛው፣ "አሁን ዓይንህን ጨፍንና ሥራው" አለኝ። ጨፈንኩ። አንዱ ሮንዴላ ከእጄ አምልጦ ወደቀ፤ አባቴ በድምፁ ብቻ የት እንዳረፈ ነገረኝ።

ለገዢው ስልክ ደውዬ አንድ ሳምንት ይስጠኝ አልኩት። ከዚያ ሌላ ሳምንት ጠየቅሁት። ደላላው ተቀይሞኛል፤ ቅድሚያ ክፍያውም እንደጎደለ ነው። ምን እንደማደርግ ገና አልቆረጥኩም። ለጊዜው ግን ቺንጋውን ጨርሻለሁ፤ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ካርቡራተር ነው።