የላላው ቀለበት

አባታችን የተዉልን ዜኒት-ኢ ካሜራ ምኑም አይከፋ፤ ከሌንሱ ፊት የሚጠለቀው የጥላ ቀለበት ግን ላልቶ ያዘነብላል። «ምን ያመጣል!» ብለን ለፋሲካ ዳንግላ ይዘነው ገባን፤ እምዬን በር ላይ አስቀምጠን አነሳናቸው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ፣ በማያው ያላየናት አክስታችን ዳር ላይ ቡና ትቀዳለች፤ ግማሽ ፊቷን ጥላው ውጦታል። ለካ የዜኒት-ኢ ማያ ከ24 በ36 ሚሊሜትሩ ፊልም 20 በ28 ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳየው! አክስታችን በኅዳር አረፈች። ሌላ ፎቶ የላትም።

ከዳንግላ እየተነሳ ዓባይን ያጠናው የእንግሊዝ ቆንሲል ቺዝማን በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገደሉን ሳይቀር በፎቶ አስቀርቶታል፤ እኛ አንዲት አክስት አቃተን።

ቀለበቱንማ አጠበቅነው። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ክር ቆርጠን በውስጡ አዞርንበት፤ ሙጫ ግን ወደ ሌንሱ ይሄዳል ብለን አላስጠጋንም። አሁን ንቅንቅ የለም።

እምዬ ፎቶውን ባዩ ቁጥር ጥቁሩን በጥፍራቸው ይፍቃሉ።